ተራራውን ስታርሱ ምንጩን አስቡ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። ዛሬ የማነሣላችሁ ነገር ራሱ ውሃ ስለሆነ ከሥሩ ልጀምረው። ሥሩ ያለው ደግሞ ጉም ከማይለየው ከጮቄ ተራራ ጫፍ ላይ ነው። በሙጋና በጨሞጋ፣ በተምጫና በብር፣ በሱሃም ወንዞች ዳር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ጥቂት ታገሡኝ። የውሃ ነገር በጥድፊያ አይነገርም።

በሠርጉም በለቅሶውም፣ በማኅበሩም በዕድሩም የምሰማው ስሞታ አንድ ነው። እስከ ግንቦት ሲፈስ የኖረው ምንጭ ዛሬ የካቲት ሳይወጣ ይነጥፋል፤ ሴቶች ልጆቻችን ጀሪካን አዝለው ከአንድ ምንጭ ወደ ሌላው ይዞራሉ፤ ከብቱ ጥም ይዞት ወደ ወንዝ ይወርዳል፣ ወንዙም ድንጋዩን አስጥቶ ይጠብቀዋል። በሐምሌ ደግሞ ያው ወንዝ ድልድይ ይሰብራል፣ ማሳ ይቆርሳል፣ ሰውም ይወስዳል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት የወጣው በእኛ ላይ ነው፤ ዘንድሮም አላረጀም። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ውሃ ከናይል ጠቅላላ ፍሰት ወደ 85 በመቶ የሚጠጋ ነው፣ እኛም የዚያ ደጋ ልጆች ነን፤ መጋቢት ላይ ግን የምንጠጣው አጥተን እንሰለፋለን።

ሰው ሲቸግረው ወደ ላይ ያንጋጥጣል። «ሰማዩ ጨከነብን» ይላል። ይህን አባባል አላቃልለውም። ሰማዩ በእርግጥ ጠባዩን ለውጧል፣ ወደ እሱም እመጣለሁ። ነገር ግን ዓይናችን ሁሉ ወደ ላይ ተሰቅሎ ከቀረ በእጃችን ያለውን እናጣዋለን፤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆንብናል። ከሰማይ የሚመጣው ዝናብ ነው። ያንን ዝናብ ተቀብሎ፣ ወራት አሳድሮ፣ ለበጋ የሚያደርስልን ተራራው ነው። ሰማይን ማዘዝ አንችልም፤ ተራራውን ግን የያዝነው እኛ ነን፣ የምናርሰውም እኛ፣ ከብት የምንለቅበትም እኛ ነን።

ከእኛ ርቀው ያሉ አንዳንድ ተራሮች፣ እነ ኪሊማንጃሮና ሩዌንዞሪ፣ በጫፋቸው የበረዶ ግግር አላቸው፤ እሱም ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው። የእኛ አገር ተራሮች ግን፣ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚዘልቀው ራስ ዳሽን እንኳ ሳይቀር፣ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ግግር የላቸውም። ጮቄም ከ4,000 ሜትር በላይ ቆሞ ሌሊት ውርጭ ይነክሰዋል፣ በረዶም ይጥልበታል፣ ፀሐይ ስትሞቅ ግን ሁሉም ይቀልጣል። ስለዚህ ውሃችንን የምናሳድርበት ሌላ ቦታ የለንም፤ ያለን አፈሩና ከአፈሩ ሥር ያለው ዓለት ነው። ጎተራችን እሱ ነው።

ጎተራ ያለው ቤት እንዴት እንደሚኖር ታውቁታላችሁ። እህሉ የሚገባው በጥቂት ሳምንታት ነው፣ የሚበላው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ባለሙያ የቤት እመቤት እየሰፈረች ታወጣለች፤ ክረምቱ አልፎ አዲሱ እሸት እስኪደርስ ቤቷ እንዳይራብ ታስባለች። ተራራም ከሰኔ እስከ መስከረም የወረደለትን ተቀብሎ፣ ለጥርና ለየካቲት በምንጩ በኩል እየሰፈረ ይሰጣል። የጎተራው ግድግዳ ከተሸነቆረ ግን አዝመራው ቢያምርም ቤቱ አይከርምም። ዛሬ በየተራራው የማየው ይህን ነው፤ አዝመራው ገብቷል፣ ጎተራው ተሸንቁሯል።

እስቲ ይህ ጎተራ እንዴት እንደተሠራ ቀስ ብለን እንየው። ከላይ ጓሳ የሚባለው ሣር አለ፣ ጅባራው አለ፣ አስታው አለ። ዝናብ በኃይል ሲወርድ መሬቱን በቀጥታ እንዳይመታው ሣሩ ይቀበለዋል፣ ጉልበቱንም ሰብሮ በእርጋታ ወደ ሥሩ ያወርደዋል። ዝናብ በሌለበት ቀን እንኳ ጉሙ ቅጠሉ ላይ እየረጋ ጠብ ጠብ ይላል። ከሣሩ በታች ያ ጥቁር፣ ቀላል፣ ሲረግጡት እግር የሚቀበል አፈር አለ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተወለደ፣ በብዙ ዘመን የሣር ሥር ብስባሽ የዳበረ ነው፤ ውሃ ሲያገኝ ይመጠዋል፣ በቀላሉም አይለቀውም። ከአፈሩ በታች ደግሞ ዓለቱ ይመጣል። ይህ ዓለት አንድ ወጥ አይደለም። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ እየፈነዳ የፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ የተሠራ ነው። ሲበርድ ተሰነጣጥቋል፤ ውሃው በስንጥቁ ወደ ታች ይሰርጋል። በአንዱ ድርብርብና በሌላው መካከል ብዙ ጊዜ ቀይ የሸክላ አፈር ንጣፍ አለ። ውሃው እዚያ ሲደርስ ወደ ታች ማለፍ ስለማይችል ወደ ጎን ይሄዳል፣ ሄዶ ሄዶም ከተዳፋቱ ጎን ብቅ ይላል። ምንጭ የምንለው እሱን ነው። ምንጮቻችን በተራራው ወገብ ላይ ተሰልፈው የሚታዩት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ በጥር የምትጠጡት ውሃ በሐምሌ ከላይ፣ እናንተ በማትደርሱበት ጓሳ ላይ የወረደ ነው። በመካከሉ ወራት ጨለማ ውስጥ ተጉዟል። ምንጩን ብቻ አጥሮ፣ ሲሚንቶ አልብሶ፣ ቧንቧ ሰክቶ «ውሃ አለማን» ማለት መልካም ነው፤ ንጽሕናውን ይጠብቃል። ነገር ግን ምንጩ በር ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። ቤቱ ከላይ ነው።

በሰኔ መጀመሪያ የሚወርደው ዝናብ ወንዙን ብዙም እንደማይሞላው አስተውላችኋል። በጋው ያደረቀው መሬት ስለተጠማ ይጠጣዋል። በእኛው ጎጃም አንጀኒ፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በወሎ ማይባር፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ዝናብና ጅረት ሲለካባቸው የኖሩ ትናንሽ ተፋሰሶች አሉ። እዚያ የተለካው እንደሚያሳየው መሬቱ የተነነው ተቀንሶ ወደ 500 ሚሊ ሜትር ግድም ዝናብ እስኪጠግብ ድረስ ወደ ጅረት የሚወርደው ጥቂት ነው። ከጠገበ በኋላ ግን ከሚዘንበው ግማሽ ያህሉ ወደ ጅረት ይሄዳል። ደኅና ቆዳ ያለው ዳገት የሚዘንብበትን አብዛኛውን ይጠጣል። ጎርፉ የሚነሣው ከሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ ውሃ ከሞላው ከታችኛው ጨፌ፣ ሌላው ቆዳው ተገፍፎ ከተራቆተው ዳገት። የመጀመሪያው የተፈጥሮ ነው። ሁለተኛውን ያመጣነው እኛ ነን።

እንዴት እንዳመጣነው ደግሞ ሳንሸፋፍን እንነጋገር። ማረሻችን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በተመሳሳይ ጥልቀት ይሄዳል። ማሳው ጤፍ የሚዘራበት ከሆነ ደጋግመን እናርሰዋለን። ከማረሻው ጫፍ በታች ያለው አፈር በየዓመቱ ሲረገጥና ሲጠቀጠቅ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፤ ጭቃ ያዘለው ውሃም እየሰረገ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ከላይ ልል፣ ከታች እንደ አውድማ የጠጠረ መሬት ይሆናል። ዝናብ ሲመጣ ልሉ ቶሎ ይሞላል፣ ጠጣሩ አያሳልፍም፣ ውሃውም ልሉን አፈር ይዞት ይሄዳል። ገበሬው ማሳው እንዳይተኛበት ፈሰስ ያወጣል። የአንዱ ፈሰስ በሌላው ማሳ ላይ ይወድቃል፣ የሌላው በሦስተኛው ላይ። ሦስቱ ሲገናኙ ቦረቦር ይወለዳል። በፈሰስ ምክንያት የተጣሉ ጎረቤቶችን ያላስታረቀ ሽማግሌ በዚህ አገር የለም። ስናስታርቅ ግን ስለ ወሰኑ እንጂ ስለ ውሃው መሄጃ ተነጋግረን አናውቅም።

ቦረቦር የሚበላው መሬት ብቻ አይምሰላችሁ። ከሁሉ የከፋው ጨፌውን መሰንጠቁ ነው። ጨፌ ከዳገት የወረደውን ውሃ ይዞ የሚያቆይ እርጥብ መስክ ነው፤ በበጋ ከብቱ የሚሰማራው፣ ዳርና ዳሩ ላይ ምንጭ የሚያፈልቀው እሱ ነው። ቦረቦሩ ጥልቅ ሆኖ ሲቆርጠው ከመሬት ሥር ያለው ውሃ በጎኑ ይፈስሳል፣ ጨፌውም ይደርቃል። ከዚያ ምንጩ ጠፋ እንላለን። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው ዋናተኛውን ብቻ አይደለም፤ መንደርንም እያሳሳቀ ይወስዳል። በመጀመሪያው ዓመት ሕፃን የሚዘልለው ቦይ ነው፤ ጥቂት ክረምት ሲያልፍ በሬ ገብቶበት አይወጣም።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ብለው የተረቱት አባቶቻችን ያዩት ግንዱን ነበር። ዛሬ ግንዱም አልቋል፤ ይዞት የሚዞረው ጥቁር አፈራችንን ነው። በሱዳን የሮሴሬስ ግድብ በዚህ አፈር ሲሞላ ኖሯል፤ በአዋሽ ላይ ያለው ቆቃም ከሌላ ደጋ በወረደ ደለል እንዲሁ ተጨንቋል። አሁን ደግሞ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘውን የሕዳሴ ግድብ ገንብተናል። ካለን ላይ ቆርሰን፣ ቦንድ ገዝተን፣ በኩራት የሠራነው ነው። የግድቡ ዕድሜ ያለው እሱ በቆመበት በጉባ ብቻ አይደለም፤ በጮቄና በጉና ተራሮች ተዳፋት ላይ ባለው እያንዳንዱ ማሳ ነው። ለግድቡ ገንዘብ ያዋጣ እጅ በላዩ አፈር ቢልክበት ልጆቹን ይጎዳል።

አሁን ወደ ሰማዩ ልመለስ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የአገራችን አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። ለሚሞቅ ሰው ጥቂት ይመስላል፤ ለተራራ ግን ብዙ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚሸከመው እርጥበት ወደ 7 በመቶ ይጨምራል። ብዙ የተሸከመ ሲያራግፍም በኃይል ያራግፋል። ስለዚህ ዝናቡ በጠቅላላው ባይቀንስም አወራረዱ ይከፋል፤ በሳምንት ይወርድ የነበረው በአንድ ከሰዓት ይወርዳል፣ ከዚያ ደግሞ ፀሐይ ይበረታና አፈሩ ያለውን ሁሉ ይተንበታል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ የቸኮለ ዝናብም ያፈስሳል፣ የሚለቅመው ግን የለም። ዝናቡ በቸኮለ ቁጥር መሬቱ ይበልጥ ታጋሽ መሆን ነበረበት። እኛ ግን ትዕግሥቱን የገፈፍነው በዚሁ ክፉ ዘመን ላይ ነው።

ሙቀቱ ሌላም ነገር አድርጓል፤ ይህኛውን ብዙ ሰው እንደ በረከት ነው ያየው። ድሮ ውርጩ የማያስደርሰው የነበረው ከፍታ ዛሬ ገብስና ድንች ያበቅላል። ከ3,500 ሜትር በላይ ማረሻ ሲወጣ አይተናል። መሬት ያልደረሰው ወጣት «እግዚአብሔር ሜዳ ሰጠኝ» ብሎ ጓሳውን ይገነጥላል። የመጀመሪያው ዓመት ምርት ያስደስታል፣ አፈሩ ለዘመናት ያከማቸውን ይሰጣልና። ሁለት ሦስት ክረምት ሲያልፍ ያ ጥቁር አፈር ሸርተት ብሎ ይወርዳል፣ ገብሱም ይሳሳል። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ የተተረተበት ለዚህ ነው። ገብሱን የበላው አንድ ቤተሰብ ነው፤ በምንጩ መንጠፍ የተጠማው ግን በታች ያለው አገር ሁሉ ነው።

የምናገረው የሽማግሌ ሥጋት ብቻ እንዳይመስላችሁ ከጨሞጋ አንድ ማስረጃ ላንሣ። ፕሮፌሰር ወልደአምላክ በውቀት ከባልደረባቸው ጋር የጨሞጋን ፍሰት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1999 ያለውን መርምረዋል። በበጋው ወራት የወንዙ ውሃ እየቀነሰ ሄዷል፤ በዚያው ወቅት የሚዘንበው ዝናብ ግን ያን የሚመጥን ለውጥ አላሳየም። በትልቁ ዓባይ ላይ የተደረገ ሌላ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር ይላል፤ የተፋሰሱ ዝናብ በአርባ ዓመት ውስጥ ብዙም ሳይለወጥ የክረምቱ ፍሰት ጨምሯል፣ በድንበሩ አጠገብ ደግሞ የበጋው ፍሰት ቀንሷል። የክረምቱ ጨመረ፣ የበጋው ቀነሰ። ጎተራው መሸንቆሩን ከዚህ የበለጠ የሚናገር ነገር አላውቅም።

በጨሞጋ የተገኘ ሌላም ነገር አለ፣ እሱ ያስደንቃል። በዚያ ዘመን የዛፉ ሽፋን ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም። የጨመረው ግን ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ቤት ሠርቶልናል፣ ማገዶ ሆኖናል፣ ልጆች አስተምሮልናል፤ ውለታውን አልክድም። ባሕር ዛፍን ጠላት የሚያደርገው ቦታው ነው። ከቤት ጓሮ፣ ከመንገድ ዳር፣ ለእህል ካልተመቸ ደረቅ መሬት ላይ ቢተከል ማን ይከለክላል? ምንጭ ራስ ላይና ጨፌ ዳር መትከል ግን በገዛ ልጆች ጥም መነገድ ነው። ሥሩ ጥልቅ ነው፣ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሣር አያበቅልም፣ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል። አረንጓዴ ያየነው ሁሉ ውሃ አይጠብቅም። ይህን ለማየት ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ግቡ። ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው፣ ቁጥቋጦው፣ ከሥሩም የረገፈው ቅጠል ተደራርቦ ይታያል። ጸበሉ ከብዙ አድባራት ሥር ዛሬም የሚፈልቀው የቀደሙት ዛፉን ከነቅጠሉ፣ ከነአፈሩ ስላቆዩልን ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መልሱን ከሩቅ አናምጣው። በመንዝ ጓሳ የሚባለውን ደጋ ስሙን ሰምታችሁታል። ከአራት መቶ ዓመት ግድም በፊት የሁለቱ አባቶች፣ የአስቦና የገራ ልጆች ያንን የሣር ምድር ለግጦሽም ለማጨድም በሥርዓት ይይዙት ጀመር፤ ቄሮ ይሉታል ሥርዓቱን። መሬቱ ለጥቂት ዓመታት ይዘጋ ነበር፣ አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ አምስት። ሣሩ ሲደርስ ሽማግሌዎች አይተው፣ ተማክረው፣ ቀን ቆርጠው ይከፍቱት ነበር። በዚያን ቀን ባለመብቱ ሁሉ ለቤት ክዳኑ፣ ለገመዱ ያጭድ ነበር፤ ከዚያ ከብቱ ይገባ፣ ክረምቱ ሲመጣም እንደገና ይዘጋ ነበር። ከዚያ ደጋ የሚነሣው ውሃ በአንድ ወገን ወደ ጀማና ወደ ዓባይ፣ በሌላው ወገን ወደ አዋሽ ይወርዳል። ሥርዓቱ ፍጹም ነበር አልልም። የአስቦና የገራ ዘር ያልሆነ ከደጅ ይቀር ነበር፣ ቅጣቱም ከባድ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ያ ሥርዓት ተሰበረ፤ ሣሩም የማንም ሲሆን ተጎዳ። የመንዝ ሰው ግን ተስፋ አልቆረጠም። ሁሉን አካትቶ፣ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቆመው፤ ዛሬ ጓሳ በነዋሪዎቹ የሚጠበቅ ስፍራ ነው። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዚያ አለ። ጮቄ ላይ ያንን ማድረግ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ጓሳው አንድ ነው፣ ሰውም ያው ደገኛ ነው።

ትዕዛዝ ከላይ ሲመጣ የሚሆነውን ደግሞ አይተነዋል። በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠርቷል፣ ብዙ ኮረብታ ተከልሏል። ሥራው መልካም ነበር። ነገር ግን ገበሬው ባለቤት አልነበረም፤ ታዝዞ ሠራ፣ ስንዴውን ተቀበለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፣ የተከለለው ደን ተጨፈጨፈ። አንጀኒን ደግሞ ተመልከቱ። ውሃው ለዓመታት ሲለካበት በኖረው በዚያ ትንሽ ተፋሰስ በ1978 ዓ.ም. ግድም ገበሬው አፈሩን ወደ ላይ እየወረወረ እርከን ሠራ፤ ገበሬው እየጠበቀ ስለያዘውም ማሳው በጊዜ ብዛት መደብ እየሆነ ሄደ። ልዩነቱ የተሠራው ነገር ሳይሆን የያዘው ሰው ነበር።

አሁንም በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ለተፋሰስ ሥራ እንወጣለን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና ወጣቱም አዛውንቱም አካፋና ዶማ ይዞ ሲወጣ ሳይ ልቤ ይሞላል። ነገር ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። የተሠራው እርከን በኪሎ ሜትር ይቆጠራል፣ የተተከለው ችግኝ በሚሊዮን ይነገራል። በክረምቱ የተደረመሰው እርከን ግን ማን ይቆጥረዋል? የጸደቀውን ችግኝስ? የተሠራው በተዘገበ ማግሥት ከብቱ ከተለቀቀበት ድካማችን ለሪፖርት ብቻ ነበር ማለት ነው። እርከን ካልተጠገነ ይጎዳል፤ ውሃውን አጠራቅሞ በአንድ ቦታ ሲሰብረው እርከን ከሌለበት የከፋ ቦረቦር ይወልዳል። አሥር ኪሎ ሜትር አዲስ ከመሥራት ሁለቱን ጠግኖ መያዝ ይሻላል። ሥራውም ከላይ ይጀመር። ከታች የጀመረ ክትር በመጀመሪያው የሐምሌ ጎርፍ ይጠረጋል፤ ከላይ ሣሩ ከተመለሰና እርከኑ ከተያዘ ታች ያለው ክትር ቀላል ሸክም ይቀርለታል።

ከሁሉ የከበደው ግን የሰው ነገር ነው። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚል ተረት አለን። ብዙ ሰው ይጠቅሰዋል፤ እኔ ግን ለውሃ ነገር አላዋለውም። ከራሳችን በላይ ነፋስ ብቻ የለም፤ ጎረቤት አለ። በታች ያለው ወንዙን በሞተር ስቦ ሽንኩርትና ድንች ያለማል፣ በበጋ ገበያ ይሸጣል። በላይ ያለው ምን አገኘ? «ጓሳውን አትረስ፣ ከብትህን አትልቀቅ» ይባላል፣ በምትኩ ግን የሚሰጠው የለም። ለተራበ ሰው ሣሩን አትንካ ማለት ቀላል ነው። ማሳ የሌለው ልጅ ተራራ ላይ የወጣው ክፋት ይዞት አይደለም፤ ሜዳው ሞልቶበት ነው። እሱን ረግመን፣ ከስሰን፣ አስረን ተራራውን አናድነውም።

ስለዚህ እላለሁ፦ በታች ያሉ የመስኖ ተጠቃሚዎች ከላይኞቹ ጋር በአንድ ማኅበር ይቀመጡ። በየምርቱ ወቅት ጥቂት አዋጥተው ለላይኞቹ ይስጡ። ገንዘቡ በበጎች፣ በንብ ቀፎ፣ በመኖ ዘር፣ ደጋ ላይ በሚሆን የአፕል ችግኝ ይዋል። ጓሳው የተዘጋበት ሰው ከተዘጋው ሣር እያጨደ ለታሰረ ከብቱ ይመግብ፤ ሣሩንም ሸጦ ይጠቀም። የሚጠብቀው የሚበላበት ከሆነ ጠባቂ አያስፈልገውም። ይህን የሚያስማማ ባለሥልጣን አይደለም፤ በላይም በታችም ዘመድ ያለው ሽማግሌ ነው። ጋብቻችን ከላይ እስከ ታች የተሳሰረ ነው፤ በሙጋ ዳር ያለው አማች ጮቄ ላይ ካለው አማቹ ጋር በውሃ መነጋገር የማይችል ከሆነ በምን ይነጋገራል?

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። ጎርፉ ሰው ከወሰደ በኋላ፣ ምንጩ ከነጠፈ በኋላ መጮህ ጅብ ከሄደ እንደጮኸው ውሻ መሆን ነው። ዘንድሮ ከምናደርገው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አስቀድም ብትሉኝ ይህን እላለሁ፦ እያንዳንዱ መንደር የገዛ ምንጩን ይለካ። ሀያ ሊትር ጀሪካን ከምንጩ አፍ ሥር አስቀምጡና እስኪሞላ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በሰዓት ያዙ። ከዕድሩ መዝገብ ጎን ሌላ ደብተር ይከፈት፤ ቀኑ፣ ደቂቃው፣ የለካው ሰው ስም ይጻፍበት። ይህን የሚያደርግ ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጅ በየመንደሩ አለ፤ ከትምህርት ቤት መልስ ሊሠራው ይችላል። ከላይኞቹ ጋር ስትቀመጡ ያንን ደብተር ይዛችሁ ቅረቡ፣ እነሱም የዘጉትን ጓሳ ዓመት ይንገሯችሁ። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ምንጩ ከላይ ለተሠራው ሥራ መልስ ሰጥቶ እንደሆነ ከማንም ሪፖርት በፊት እናንተ ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያው ልኬት በዚህ ኅዳር፣ አዝመራው ሳይገባ ይያዝ፤ ሁለተኛው በጥምቀት ማግሥት፣ ሦስተኛው በመጋቢት አጋማሽ።